ኪቦርዲስቱ አረካ ሄዷል

አቶ ነስረዲን እሑድ ጠዋት የሠርግ አዳራሻቸውን መጋዘን የከፈቱት ወንበር ሊያስገቡ ነበር። ቁልፉ እንደወትሮው ከመድረኩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ ነው። የላሜራው በር ግን አልከፈት አላቸው። በትከሻቸው ሲገፉት ከውስጥ የተደገፈው ነገር ተንሸራተተ። የአንድ ወጣት ሬሳ ነበር። እጆቹና እግሮቹ በነጭ ጨርቅ ታስረዋል፤ አፉ ላይም ጨርቅ አለ።

ኢንስፔክተር ዳና ሲደርስ አዳራሹ ገና ሠርግ ሠርግ ይሸታል። ዳና ሠርግ አይወድም። ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ደስ ብሎኛል ስለሚል ማን እንደሚዋሽ መለየት አይቻልም ባይ ነው። ሚስቱ «ለቅሶ ቤትስ?» ስትለው፣ «እዚያ ደግሞ ሁሉም አዝኛለሁ ይላል» ብሎ ዝም ያሰኛታል።

«አፉ ላይ የነበረውን ጨርቅ ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ነስረዲን። «ይተነፍስ እንደሆነ ብዬ ሳብኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም፣ ወላሂ።»

«ያውቁታል?»

«ከትናንቱ ባንድ ነው። ዘላለም ይሉታል፣ ኪቦርድ የሚጫወተው። ግን ትናንት አልተጫወተም። አረካ ከተማ ሄዷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ዳና ተንበረከከ። ከጭንቅላቱ ኋላ የደረቀ ደም አለ። ቀኝ መዳፉ ላይ ትንሽ ቃጠሎ ይታያል። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ወደ ታች በኩል በደም ተለቅልቋል። ጫማዎቹ ግን ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጃኬቱም ታጥፎ በላያቸው ላይ አርፏል። ስልኩ ተዘግቶ ኪሱ ውስጥ ነው።

«አንኳኩቷል» አለች ሳጅን ዓመለወርቅ።

«አዎ።»

«ያ ሁሉ እንግዳ እዚህ ተቀምጦ?»

ዳና መጋዘኑን ከመድረኩ የሚለየውን ግድግዳ ተመለከተ። ግድግዳው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የስፒከር ክምር ተደግፏል። መልሱ እሱ ነበር።

ሬሳውን ያየው ሐኪምም ብዙ አላስጠበቃቸውም። «ወዲያው አልሞተም። ሰዓታት ቆይቷል» አለ።

«ቢደርሱለትስ?»

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። «ለቤተሰቡ ይህን አልናገርም። ለአንተ ግን ልንገርህ፤ ይድን ነበር ብዬ አስባለሁ።»

* * *

ማክዳ የባንዱ ድምፃዊትና የዘላለም እጮኛ ናት። ሁለቱም ያደጉት በአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። እሱ ወደ ባንድ ሲሄድ እሷም ተከተለችው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመድ አያናግራቸውም። ዳና እሷ የተከራየችው ክፍል ሲደርስ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ሻክሯል።

መርዶ ይዞ መምጣቱን ዳና ያውቃል። ግን መርዶ የሰማ ሰው ያለቅሳል እንጂ ጥያቄ አይመልስም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠየቀ። ዓመለወርቅ ፊቷን አዞረችበት፤ ልክ ነበረች።

«ዘላለም የት ነው?»

«ስለሱ አትጠይቁኝ። ትናንት ጥሎኝ አረካ ሄደ። አምፕሊፋየር ሊያመጣ ነው አለኝ መሪያችን ቤኒ። እንግዳ ሊገባ ሲል፣ ለእኔ አንድ ቃል ሳይነግረኝ። ስልኩንም ዘግቷል።»

«ያለ እሱ እንዴት ዘፈንሽ?»

«ፈርቼ ነበር። እኔ ዘፈን ላይ ዘግይቼ ነው የምገባው፤ ከመዘምራን ጀምሮ አመሌ ነው። ዘላለም የኪቦርዱን መቆሚያ በጣቱ አንጓ ያንኳኳልኛል። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ቆም ይልና አንዴ። ያኔ እገባለሁ።» ፈገግ ማለት ጀመረች። «ግን ንዴት ነው መሰለኝ፣ እንደ ትናንት ዘፍኜ አላውቅም። ሲመጣ እነግረዋለሁ። ያለ አንተም ይቻላል እለዋለሁ።»

ዳና ቆቡን አወለቀ። ማክዳ ቆቡን አየች፣ ፊቱን አየች። ከዚያ በኋላ ለጥያቄ የሚሆን ነገር አልነበረም።

* * *

የሶዶ ወሬ ከፖሊስ መኪና ይፈጥናል። ገና ቀትር ሳይሆን ከተማው ገዳዩን አገኘው፤ የሙሽራዋን ወንድም ሚልክያስን።

ምክንያትም አለው። የሙሽራዋ አባት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ቤት ሠርግ በመዝሙር ነው። ባንድ ይምጣ የተባለ ዕለት ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። መዘምራን የሚመራው ሚልክያስ ከዘላለም ጋር አብሮ አደግ ነበር። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ሄዶ ሰው ፊት «ከዚያ አዳራሽ በሰላም አትወጣም» ብሎታል።

«ብዬዋለሁ፣ አልክድም» አለ ሚልክያስ። ዓይኑ ቀልቷል። «ተናድጄ ነው። ኪቦርድ ያስተማረኝ እሱ ነው ኢንስፔክተር። እሱ ጥሎኝ ወደዚያ ሲሄድ ምን ልሁን?»

«ትናንት የት ዋልክ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ፕሮግራም በኋላ አዳራሹን አልረገጥኩም። መዘምራኑን ይዤ አረካ ሌላ ሠርግ ለማገልገል ሄድኩ። እዚያው አመሸን።»

ዓመለወርቅ አረካ ደወለች። ሙሽሮቹ፣ ፓስተሩ፣ የሚኒባሱ ሹፌር ሁሉም አንድ ቃል ሆኑ። ቪዲዮም ነበራቸው፤ ሚልክያስ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘምር ይታያል።

«አረካ ዘላለምን አየኸው?»

«እኔ? አላየሁትም።»

«ባንዱን ማን ነው ያመጣው?»

«አጎቴ ዘሩባቤል ነው። አባቴን ለምኖ ያስፈቀደው እሱ፣ አዳራሹን ሲያዘጋጅ የዋለውም እሱ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አያነሳም።»

የባንዱ መሪ ቤኒ ድራም መቺ ነው፤ ከማክዳ ጀርባ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ጀርባዋን ሲያይ የኖረ። ይወዳት እንደነበር ከእሷ በቀር የማያውቅ የለም። «ዘላለም አምፕሊፋየር ሊያመጣ ሄደ» አለ፤ ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም።

ሳውንድ የሚሠራው ማቲ ግን ግራ ገባው። «አምፕሊፋየር? ትርፍ ነበረን እኮ። እኔ እራት ልበላ ወጥቼ... አይ፣ ምሳ ነው፤ ስመለስ ዘላለም የለም፣ ቤኒ አረካ ሄዷል አለኝ። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ከግራው ቤዝ ስፒከር የሚመጣ ኳኳታ ነበር። ገመድ ቀየርኩ፣ ቮልዩም ቀነስኩ፣ አልጠፋም። ወደ ማምሻው ላይ በራሱ ጊዜ ተወ።»

ዳናና ዓመለወርቅ ተያዩ። ማቲ ለምን እንደተያዩ አልገባውም፤ እነሱም አልነገሩትም።

ቤኒ ቃሉን በሰጠበት ፖሊስ ጣቢያ ቀረ። ያንን ቃል ከተናገረ በኋላ አፉን አልከፈተም።

* * *

ከሰዓት በኋላ ለዘላለም ወላጆች መርዶ ሊያደርሱ ወደ ቢጠና ጉዞ ጀመሩ። ዓመለወርቅ ከአፉ ላይ የተፈታውን ጨርቅ በላስቲክ ውስጥ አድርጋ ታገላብጠዋለች። ከአዳራሹ የጠረጴዛ ልብስ የተቀደደ ነው።

«ቋጠሮው ላይ ፀጉር ገብቷል» አለች። «ረጅም ነው።»

«ታዲያ?»

«ዘላለም ዙሪያውን ተላጭቶ አናቱን ነው ያሳደገው። የሰው አፍ ሲታሰር ቋጠሮው የሚውለው ማጅራት ላይ ነው። ማጅራቱ ላይ ደግሞ ፀጉር የሚባል የለም።»

ዳና መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ።

«ቋጠሮው አናቱ ላይ ነበር ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጨርቁ ወደ አፉ የወረደው በኋላ ነው፤ ሲታገል። አፉን አይደለም ያሰሩት። አገጩን ነው።»

በዚህ አገር አገጩ ከአናቱ ጋር የሚታሰር አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። እጁም እግሩም የሚገጠመው፣ ጫማው ወልቆ ልብሱ የሚታጠፈው እሱው ነው።

«ገንዘውታል» አለች ዓመለወርቅ። «ገዳይ ደግሞ የገደለውን አይገንዝም።»

«ሞቷል ብለው ነዋ።»

«ሲነቃ መጮህ ያልቻለውም ለዚህ ነው።»

ዳና ሞተሩን አስነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ነገር ባይገለጥ ብሎ ተመኘ።

ቢጠና ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ሴቶች ያለቅሳሉ። አባትዬው በወንዶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ዳና በወላይትኛ ሰላምታ ሰጥቶ አጠገባቸው ሆነ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ሽማግሌዎች። ጎህ ሲቀድ መጡ።»

ጎህ ሲቀድ አቶ ነስረዲን መጋዘኑን አልከፈቱም ነበር።

«ስማቸውን ያውቃሉ?»

«መርዶ ነጋሪን ስምህ ማን ነው ይባላል እንዴ? ከሶዶ ነን አሉ። አንደኛው ረጅም ነው፣ ንግግሩ ለስለስ ያለ። ‹ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንቀመጥ፤ ይህ ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም› አለኝ። ከመድረክ ወድቆ አረፈ፣ ሬሳውን በክብር እናመጣልሃለን አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ጌታ ይባርከው።»

ዳና እነዚያን ቃላት ያውቃቸዋል። እናቱ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ያልተመለሰች ጊዜ፣ እንዲሁ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳው ረጅም ሰውዬ ያንኑ ብሎታል። ሰውዬው የእድራቸው ሊቀመንበር፣ የሙሽራዋ አጎት ዘሩባቤል ነበር። በሰፈሩ መርዶ ሲኖር ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚሄደው።

* * *

አቶ ዘሩባቤልን በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኖቹና ከአግዳሚ ወንበሮቹ መካከል ተቀምጠው አገኛቸው።

«ና ልጄ ዳና፣ ቁጭ በል። ስጠብቅህ ነበር።»

«ቆሜ ይሻለኛል ጋሼ።»

«እሺ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «አዳራሹ ውስጥ እኔና ቤኒ ነበርን። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ገመድ ሲሰቅል ኤሌክትሪኩ ያዘውና ወረወረው። ጭንቅላቱ የመድረኩን ጠርዝ መታ። ሮጬ ደረስኩ። ትንፋሽ የለም። እጁን ያዝኩ፣ ደረቱ ላይ ጆሮዬን አደረግኩ። እኔ ሬሳ አውቃለሁ ዳና። በዚህ ሰፈር የስንቱን ዓይን ከድኛለሁ?»

«ሆስፒታልስ?»

«ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው ነበር። ክላክሱ ይሰማል። ወንድሜ ባንድ አይገባም ሲል ልጅቷ አንድ ቀን ትደሰት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሰው ምን ይላል? ጌታ በዘፈኑ ፈረደ ነው የሚለው። ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ቤኒም አለቀሰ፤ ሠርግ ላይ ለቅሶ ይዞ የመጣ ባንድ ተመልሶ አይጠራም አለ። ልጁ እንደሁ አልፏል። መርዶ ደግሞ በሠርግ አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ በወጉ ይነገራል። በወጉ ገነዝኩት። ወላጆቹን አስቀድሜ፣ ስመለስ ለማክዳ ልነግራት ነበር። ስመለስ ግን እናንተ በሩ ላይ ናችሁ።»

«ማክዳ ያኔውኑ ብትሰማ ምን ታደርግ ነበር ጋሼ?»

«ምን ታደርጋለች? ላዩ ላይ ትወድቅበት ነበር። እያቀፈች፣ እየነቀነቀች...» አሉና ቆሙ። የዳናን ፊት አዩ።

ዳና የመጣው ይህንን ለመናገር ነበር፤ ግን ሌላ ሰው ቢናገርለት በወደደ። «አልሞተም ነበር» አለ። የልጁን እጅ ፎቶ ከስልኩ አሳያቸው።

ሽማግሌው ፎቶውን ብዙ ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አዩት። አላለቀሱም።

«አገጩን» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። «አገጩን በደንብ ነው ያሰርኩት።»

* * *

ሰኞ ጠዋት ዳና የሠርጉን ቪዲዮ ቤኒን አጠገቡ አስቀምጦ ከፈተ። እንግዶች ይበላሉ። ማክዳ ማይኩን ይዛ «ኪቦርዲስታችን ጥሎን አረካ ሄዷል፤ እኛ ግን አለን» ትላለች፤ ሰው ይስቃል። በሁለት ዘፈን መካከል መብራት ይጠፋና ይመለሳል። ሁሉም ቤኒን ይጠብቃል። ቤኒ ዱላዎቹን እንዳነሳ ቀርቷል።

በዚያ ጸጥታ ከስፒከሮቹ ጀርባ ድምፅ ይመጣል። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ቆም ይልና አንዴ።

ጀርባዋን ለባንዱ የሰጠችው ማክዳ ራሷን ነቅንቃ ገባች። በልክ ገባች። ቤኒ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ድራሙን ይደበድብ ጀመር።

ዳና ቪዲዮውን አቆመ። «ሰምተሃል።»

«የሞተ ሰው ሲያንኳኳ ብትሰማ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

«በሩን እከፍታለሁ።»

«አሁን ስትናገረው ቀላል ነው።» ቤኒ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ያበድኩ መሰለኝ። በዓይኔ ተገንዞ አይቼዋለሁ እኮ። ቁልፉ ከኋላዬ ሚስማሩ ላይ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ግን ብከፍትና እውነት ሞቶ ባገኘው፣ እሷ ታያለች፣ ሠርጉ ይፈርሳል። ከፍ አድርጌ መታሁ። ደግሞ አንኳኳ፤ ደግሞ መታሁ። በመጨረሻ ሲተው ደስ አለኝ። ለማንም አትንገር፤ ደስ አለኝ።»

ዳና የነገረውን ሁሉ ጻፈ። የመጨረሻውን ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ቆይቶ እሱንም ጻፈው።

* * *

ዘላለም ቢጠና ተቀበረ። ዐቃቤ ሕግ ሁለቱን ሰዎች በምን እንደሚከስ ገና ከራሱ ጋር ይከራከራል፤ ከተማው ግን ከሁለት ተከፍሎ ፍርዱን ጨርሷል። ሙሽራዋ ከቤት አትወጣም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተፈራው «ጌታ በዘፈኑ ፈረደ» በሹክሹክታ ይባላል። በእድሩም መርዶ የሚነግር ሰው ጠፍቷል፤ የሚጠየቅ ሁሉ እኔ አልችልም ይላል።

ዳና የማክዳን የምስክርነት ቃል ሊያስፈርም ለቅሶ ቤት ሄደ። ጥቁር ለብሳ ከድንኳኑ ጀርባ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ኳኳታው በቃሏ ውስጥ የለም፤ ማቲም አልነገራት፤ ቪዲዮውም ከመዝገቡ ጋር ካዝና ውስጥ ነው። እሷ እንዳታየው ለማድረግ የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ ወስኖ ነበር የመጣው። እየተነበበላት አዳመጠች፣ ፈረመች።

«ኢንስፔክተር፣ ሁሉም ወዲያው ነው የሞተው ይሉኛል።»

«ወዲያው ነው» አለ ዳና። መንገዱን በሙሉ ሲለማመደው የመጣው ቃል ነው። «ምንም አልተሰማውም።»

ማክዳ ራሷን ነቀነቀች። ያመነችው መስሎት ለመሄድ ወረቀቱን አጠፈ።

«አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ነው» አለች። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቤኒ አልጀመረም። እኔ ደግሞ ብቻዬን ገብቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን በልኬ ገባሁ።»

የተቀመጠችበትን አግዳሚ በጣቷ አንጓ አንኳኳች። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ቆም አለችና አንዴ።

«ማን ነው ያስገባኝ?»

ዳና ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። በሕይወቱ ብዙ ሰው ሲዋሽ ሰምቷል፤ የራሱን ያህል ደካማ ውሸት ግን አላስታውስ አለው። ማክዳ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በአጠገቧ ያለውን የአግዳሚውን ቦታ በመዳፏ ጠረገችለት።

«ይቀመጡ» አለችው። «ቆመው የሚነግሩኝ ነገር አይደለም መሰለኝ።»

ዳና ተቀመጠ።